መብራት ሲሄድ የአሻንጉሊት ማሽኑ የሚረሳው

(በባሕር ዳር ለጌም ዞን ባለቤቶችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ልጁ ቶክን ከቷል፣ ጆይስቲኩን ይዟል፣ የማሽኑ እጅ አሻንጉሊቱን ጨብጦ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ በዚህ መሃል መብራት ድርግም ይላል። ማሽኑ ውስጥ ምን ይሆናል? ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛስ ምን ማድረግ አለበት? ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን በጥምቀት ሰሞን የሐይቁ ዳር በሰው ሲጨናነቅ ሠራተኛና ደንበኛ የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው። «ማሽኑ ብሬን በላብኝ» የሚለው ደንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። መብራት ሲሄድ የሚጎዳው ደንበኛው ነው፤ ማሽኑ ስለሚረሳው። ማሽኑ ራሱ የሚጎዳው ግን መብራት ሲመለስ ነው። ሥራችሁም በዚሁ ልክ ለሁለት ይከፈላል፦ ማሽኑ የሚረሳውን ጽፎ መያዝ፣ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ማሽኑን ከመስመሩ መጠበቅ። ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት የዚህን ግልባጭ ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን እያያችሁ ትጨነቃላችሁ፣ ሲመለስ እፎይ ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

የኋላውን በር ስትከፍቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የብረት ሳጥን ታያላችሁ፤ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለሞተሮቹና ለእጁ ኮይል (ጣቶቹን ለሚያስጨብጠው የሽቦ ጥቅል) 24 ቮልት (አንዳንዱ ላይ 48)፣ ለቶክን መቀበያውና ለመብራቶቹ 12፣ ማሽኑን ለሚያዝዘው ዋና ቦርድ ደግሞ 5 ቮልት ያወጣል። ከላይ ሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደው ጋሪ አለ። ጋሪው ላይ ገመዱን የሚጠቀልልና የሚፈታ ሞተር ተቀምጧል፤ በገመዱ ጫፍ እጁ ተንጠልጥሏል። ጋሪው ጥግ መድረሱን፣ እጁ ላይ መውጣቱን ለቦርዱ የሚናገሩት ማይክሮ ስዊቾች ናቸው። ሽልማቱ የሚወድቅበት ቀዳዳ ግራና ቀኝ ደግሞ በዓይን የማይታይ ብርሃን የሚላላኩ ሴንሰሮች አሉ፤ መሃላቸው አንድ ነገር ሲያልፍ ማሽኑ «ሽልማት ወጣ» ብሎ ይቆጥራል።

አሁን መብራቱን እናጥፋው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙት ኃይል ማሽኑን የሚያቆየው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው። ይኸም ካፓሲተሮቹ አዲስ ከሆኑ ነው። በሙቀት የቆየ፣ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ይህን ያህል እንኳ አይይዝም፤ መብራቱ ትንሽ ጭልም ብሎ ሲመለስ አምፖሎቹ ሳይጠፉ ማሽኑ ብቻ ከመጀመሪያ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

እጁ ምን ይሆናል? ጣቶቹን ጨብጦ የሚይዘው ኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ኮይሉ መሃል ያለው ብረት ወደ ላይ ይሳባል፣ ጣቶቹ ይገጥማሉ። ሲቋረጥ ብረቱ ይወርዳል፣ ጣቶቹ ይከፈታሉ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ እጁ የያዘውን ይለቃል፤ አሻንጉሊቱ በወቅቱ ከነበረበት ቀጥታ ወደ ታች ይወድቃል። ጣቶቹን በኮይል ሳይሆን በትንሽ ሞተር የሚዘጉ ማሽኖች ግን አሉ፤ በተለይ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት። እነዚህ እንደጨበጡ ይቀራሉ። የእናንተ የቱ እንደሆነ ዛሬ ማታ ሶኬቱን ነቅላችሁ እዩት።

ጋሪው ባለበት ይቆማል። እጁም ወደ ታች አይወረወርም፤ የገመዱ ሞተር በጥርስ ማርሽ ፍጥነቱ የተቀነሰ ስለሆነ የእጁ ክብደት ብቻውን ማርሹን ወደ ኋላ አያዞረውም። እጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ዋናው ነገር ትውስታው ነው። ባለቤቱ በሜኑ ያስገባቸው ነገሮች፣ ማለትም የጨዋታው ዋጋ፣ የሰከንዱ መጠን፣ የእጁ ጉልበት፣ ኤሌክትሪክ ባይኖርም በማይጠፋ ቺፕ ላይ ይቀመጣሉ። ገብቶ ያልተጫወተበት ቶክን፣ የቀረው ሰከንድ፣ ጨዋታው የደረሰበት ደረጃ ግን በብዙ ቦርዶች ላይ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይጠፋል። አንዳንዱ ቦርድ ቶክኑን እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫ ሜኑው ላይ አለው፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ግን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሻጩን ቃል አትመኑ፣ ፈትኑት። ሦስት ቶክን ክተቱ፣ አትጫወቱ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሱ። ሰሌዳው 3 ካለ ያስታውሳል፤ 0 ካለ ደንበኛውን ይረሳል። የድሮ ቦርዶች ትውስታቸውን የሚይዙት በባትሪ ነው። ባትሪው እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ መለወጥ ቀላል ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ሲያረጅ ያለቅሳል፣ የሚወጣውም ፈሳሽ የቦርዱን መስመር ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አጠገቡ ካያችሁ አትቆዩ።

ሁለተኛ ፈተና አለ፤ ማንም የማያደርገው ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አብዛኛው ማሽን በእያንዳንዱ ጨዋታ እኩል አይጨብጥም። ባለቤቱ ለምሳሌ 20 ብሎ ካስገባ፣ እጁ በሙሉ ጉልበቱ የሚጨብጠው ከሃያ ጨዋታ አንዴ ነው፤ በሌላው ጊዜ ላላ ይላል። ይህን ቆጠራ የሚይዘው ቦርዱ ነው። መብራት ሲሄድ ቆጠራው ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ ምን እንደሚሆን አስቡት። በ12ኛው ጨዋታ መብራት ሄደ፣ ተመልሶ በ15ኛው ሄደ፣ እንደገና በ10ኛው ሄደ። 37 ሰው ተጫውቷል፣ ጠንካራው ጭብጥ ግን አንድ ጊዜም አልመጣም። ባለቤቱ ማንንም ለማታለል አላሰበም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ሕዝቡ «ይቺ ማሽን አትሰጥም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ለመፈተን ቁጥሩን 5 አድርጉት፣ ሦስት ጊዜ ተጫወቱ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሱ፤ ከዚያ ጠንካራው ጭብጥ በሁለተኛው ጨዋታ ይመጣል ወይስ በአምስተኛው? እጁ አሻንጉሊት ሲጨብጥ በመስታወቱ በኩል ብታዩት ጉልበቱ ይለያል። ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ ሁለት መውጫ አለ፦ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ ለጊዜው የሚያቆይ መሣሪያ) መግዛት። «እሱስ ይጠቅመኛል» ብሎ የሚተወው ባለቤት ካለ፣ እኛ ከእሱ ጋር አንስማማም።

ቶክኑስ? የቶክን መቀበያው ኤሌክትሪክ ሲያጣ በሩ ወደ መመለሻው መንገድ ይዞራል፤ በጨለማ የተከተተ ቶክን ተመልሶ ይወጣል። ችግሩ በዚያችው ቅጽበት መንገድ ላይ ያለው ቶክን ነው። መቀበያው ቶክኑን አውቆ ካሳለፈው በኋላ ለቦርዱ አጭር ምልክት ይልካል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ቶክኑ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ምልክቱ ሳይደርስ መብራት ከሄደ ቦርዱ ምንም አያውቅም። እዚህ ላይ የሚረዳችሁ የማሽኑ በር ውስጥ ያለው፣ ቁጥሩ በጥርስ የሚዞር የቶክን ቆጣሪ ነው። መብራት ቢሄድም ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ማታ የሣጥኑን ቶክን ቆጥራችሁ ከቆጣሪው ጋር ስታስተያዩ አንድ ሁለት ልዩነት ካለ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የጠፋው እሱ ነው። አሥርና ሃያ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ፈልጉ፤ መብራት ይህን ያህል አይበላም።

የሽልማት ሴንሰሩም እንዲሁ ነው። በጨለማ የወደቀውን አሻንጉሊት አያየውም፤ ስለዚህ የማሽኑ የሽልማት መዝገብ ከእውነተኛው ያንሳል። ማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይኑር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ የተመለሰ ቶክን፣ የተሰጠ አሻንጉሊት። አምስት መስመር ነው።

እንግዲህ መብራት ሄደ እንበል። መጀመሪያ ስልካችሁን አብሩና በመስታወቱ በኩል እዩ፦ እጁ የት ነው፣ አሻንጉሊቱ የት ወደቀ። ይህን ከደንበኛው ጋር አብራችሁ እዩት፤ ሁለታችሁም ያያችሁት ነገር ጭቅጭቅ አይወጣውም። ማንም ማሽኑን እንዳይወዘውዝ ከልክሉ። ከዚያ የጀርባውን ማብሪያ አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ። ይህን የምንለው ለማሽኑ ብቻ ብለን አይደለም። የወደቀውን አሻንጉሊት ለማውጣት በሩን ከፍቶ እጁን የሚያስገባ ሠራተኛ አለ፤ ማብሪያው እንደበራ መብራት ቢመለስ ጋሪው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ማረፊያው ይሮጣል። ጣት በሐዲድና በጋሪ መካከል ይገባል። ሶኬቱ ሳይነቀል በር አይከፈት።

የደንበኛው ጉዳይ በሦስት ይከፈላል። አሻንጉሊቱ መውጫው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ የደንበኛው ነው፤ ማሽኑ ቆጠረው አልቆጠረው አያገባንም። እጁን የሚያወርደውን ቁልፍ ሳይጫን፣ ገና ጆይስቲኩን እያንቀሳቀሰ ከነበረ ቶክኑ ይመለስለት። እጁ አሻንጉሊቱን አንስቶ በጉዞ ላይ እያለ ከሆነስ? እዚህ ላይ የሰዉ ሐሳብ ይለያያል። «ሊወድቅም ይችል ነበር» የሚሉ አሉ፤ ልክ ነው፣ ይችል ነበር። ለእኛ ግን አሻንጉሊቱ ተነስቶ ከታየ መስጠቱ ይሻላል፤ ልጅ በአባቱ ፊት «አይገባህም» ተብሎ የሚሄድበት ኪሣራ ከአንድ አሻንጉሊት ዋጋ ይበልጣል። የማትሰጡ ከሆነ ግን ቶክኑን መልሳችሁ አንድ ጨዋታ በነጻ ጨምሩለት። ምንም ቢሆን «መብራት እስኪመጣ ጠብቅ» አትበሉ፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የመረጣችሁትን ደንብ ደግሞ ቶክን ማስገቢያው አጠገብ በትልልቅ ፊደል ለጥፉት። ከጨዋታው በፊት የተነበበ ደንብ ክርክር አያስነሳም፤ ከጨዋታው በኋላ የተነገረ ግን ሰበብ ይመስላል።

አሁን ወደ አደገኛው ክፍል እንምጣ። መብራት መጣ። አትቸኩሉ። መስመሩ እንደተለቀቀ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሄዶ መለስም ይላል። የቤቱ አምፖል ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሶኬቱን ሰኩ። ማሽኖቹን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ሰክታችሁ ዋናውን ማብሪያ በአንድ ጊዜ አትጫኑ። እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ሲነሳ ባዶ የሆኑትን ካፓሲተሮች ለመሙላት ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ አራት አምስቱ አንድ ላይ ሲስቡ ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚያ «ማሽኑ ሾርት ሆኗል» ተብሎ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። በመሃሉ 15 ሰከንድ እየተዋችሁ አንድ በአንድ አስነሱ።

ማሽኑ ሲነሳ ቆማችሁ እዩት። እጁ መጀመሪያ ወደ ላይ መውጣት፣ ቀጥሎ ጋሪው ወደ ማረፊያው መሄድ አለበት። ብልሽቱ የሚታየው እዚህ ነው። መብራት የሄደው እጁ አሻንጉሊቶቹ ላይ አርፎ ሳለ ከሆነ ገመዱ ላልቷል። የላላ ገመድ ከሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ጠርዝ ይወርዳል፣ ወይም በተቃራኒው አቅጣጫ መጠቅለል ይጀምራል። በተቃራኒው የተጠቀለለ ገመድ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቦርዱ «ውጣ» ሲለው እጁ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ወይም «ውረድ» ሲባል ይወጣል። ላይኛው ማይክሮ ስዊች በሰዓቱ ስለማይነካ ቦርዱ የስህተት ቁጥር አውጥቶ ይቆማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ይፈታዋል፤ ሞተሩ ደኅና ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። እጁን በቀስታ ወደ ታች እየሳባችሁ ገመዱ እስኪያልቅ አስወጡ፤ ማርሹ አልዞር ካለ አትታገሉ፣ ገመዱን ከማጠንጠኛው ላይ በእጃችሁ ዙር በዙር ፍቱት። ገመዱ የተላጨ ወይም የተቋጠረ ቦታ ካለው ለውጡት። ከማጠንጠኛው ወርዶ በትንሿ የገመድ ማንሻ ሥር ወይም ቀለበት ውስጥ ማለፉን እዩ፤ ያቺ ማንሻ ገመዱ ሲላላ ለቦርዱ «ታች ደርሰናል» የምትለው ናት፣ ገመዱ ከእሷ ውጭ ከሆነ እጁ ታች ደርሶም ሞተሩ መፍታቱን አያቆምም። ከዚያ ገመዱን በጣታችሁ ወጠር አድርጋችሁ በትክክለኛው አቅጣጫ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉ፣ ጣታችሁን አውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ቀሪውን ማሽኑ ይጠቅልለው። በመጨረሻ በቴስት ቁልፉ ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፤ ቶክን አትክተቱ፣ የማታው ቆጠራችሁ ይዛባል።

ሌላው ኮይሉ ነው። ኮይል ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ወደ ኋላ የሚተፋው የቮልቴጅ ምት አለ፤ ይህን የምታስቀረው ትንሿ ዳዮድ ናት። እሷ ከሞተች ኮይሉን የሚያበራው ትራንዚስተር ተራው ነው። ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኖ ከቀረ እጁ ሁልጊዜ ተጨብጦ ይኖራል፣ ኮይሉም ይግላል፣ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። በአንጻሩ ክፍት ሆኖ ከተቃጠለ እጁ ከነአካቴው አይጨብጥም። ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት ዳዮዷንና ትራንዚስተሩን በመልቲሜትር ለኩ።

ከመጥፋቱ ይልቅ የሚከፋው ደብዘዝ ማለቱ ነው። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ አለ፣ ጣና በለስም ከዚሁ ሐይቅ ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ታዲያ ለምን እኛ ጋ ይደክማል የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የሚመነጨው ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል። ሶኬታችሁ ላይ የሚደርሰውን የሚወስነው የሰፈሩ ትራንስፎርመርና የሽቦው ርዝመት ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ከ85 እስከ 264 ቮልት ይሠራል ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል። ጎኑ ላይ 110 እና 220 የሚል ቀይ መምረጫ ያለው ግን አይችለውም፤ ይሄኔ 5 ቮልቱ ቆሞ 24ቱ ይወርዳል፣ ማሽኑ የበራ ይመስላል፣ እጁ ግን ያነሳውን መያዝ ያቅተዋል። ደንበኛው ተታለልኩ ይላል። ስለ ቀዩ መምረጫ አንድ ነገር፦ 110 ላይ ሆኖ ከተሰካ ያን ጊዜውኑ ይፈነዳል። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ከመሰካታችሁ በፊት መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን።

መከላከያው ውድ አይደለም። ቮልቴጅ ሲበዛና ሲያንስ የሚቆርጥ፣ ከተመለሰ በኋላም ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ የሚለቅ መሣሪያ፣ ለፍሪጅ የምትገዙት ዓይነት፣ ለማሽንም ይሆናል። ዩፒኤስ ስትገዙ ደግሞ ማታውን ሙሉ ሊያጫውታችሁ አትጠብቁ። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት የሚስብ ማሽን ላይ በስሌት 50 ደቂቃ ይሆናል፤ በተግባር ግማሹንም አይሞላም። ግን አንድ ጨዋታ 30 ሰከንድ ቢሆን ነው! ዩፒኤሱ የሚፈለገው የተጀመረውን ጨዋታ ለመጨረስ ነው። ሲጮህ ሠራተኛው ቶክን ማስገቢያውን ይሸፍን፣ የተጀመረው ይለቅ፣ ማሽኑ ወደ ማረፊያው ሲመለስ ይጥፋ። በዚህ ዓይነት አገልግሎት ባትሪው ብዙም አይጎዳም። ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ሳትጠብቁ ጭነት አትስጡት።

ለሐይቅ ዳር ሰው የተለየ ሁለት ነገር እንጨምር። የማሽኑ አካል ብረት ነው፣ የበረንዳው ወለል በክረምት እርጥብ ነው፣ ልጆች በባዶ እግራቸው ይመጣሉ። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ በሌለበት ሶኬት የተሰካ ማሽን ሲነኩት ይነዝራል፤ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ሆኖም እንኳ ትንሽ ወደ አካሉ ያሾልካል። የመሬት ሽቦ ሳይዘረጋ ማሽን በረንዳ ላይ አይውጣ። ነጎድጓድ ሲጀምርም ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ ይነቀል። ሁለተኛው ትንኝ ነው። ሌሎቹ መብራቶች ጠፍተው በዩፒኤስ የበራው ማሽን ብቻ ሲቀር ትንኙ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል፣ የሽልማት ሴንሰሩ ፊት ላይም። ማሽኑ ማንም ሳይጫወት «ሽልማት ወጣ» እያለ ከዘፈነ ቦርድ አትቀይሩ፤ ሴንሰሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እንጻፍ። አንዷ እህት «የመብራቱ የካርድ ቆጣሪ ሒሳብ አልቆ ሲቋረጥስ ልዩነት አለው?» ብላ ጠየቀች። ለማሽኑ ልዩነት የለውም፤ ለቦርዱ መቋረጥ መቋረጥ ነው። ለእናንተ ግን አለው፣ ይህኛው በእጃችሁ ያለ ነው። በበዓል ዋዜማ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ በበዓል ቀን ካርድ የሚሞላ ፍለጋ መዞር የቀኑን ገበያ ይበላል።

ሌላው ወንድም ያነሳው ስለ ፊውዝ ነው፦ መብራት ሲመለስ ፊውዙ ይበጠሳል፣ እሱም በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ይመልሰዋል፤ ማሽኑም ይሠራል። አዎ፣ ይሠራል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን የሚበጠስ ነገር ስለሌለ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፣ ወይም ገመዱ ይግልና አሻንጉሊቶቹ መሃል እሳት ይነሳል። ፊውዝ መሰኪያው አጠገብ ስንት አምፔር እንደሆነ ተጽፏል፤ ያንኑ ግዙ፣ ከፍ ያለ አታድርጉ፣ አምስት መለዋወጫ በሩ ውስጥ በፕላስተር ለጥፉ። አዲሱም እንደተተካ ወዲያው ከተበጠሰ ሦስተኛ አትሞክሩ፤ ችግሩ ፊውዙ ላይ አይደለም፣ ፓወር ሰፕላዩ ይፈታ።